ተንቀሳቃሽ የመኪና እጥበት በሰሜን ሸዋ፦ በምን ዕቃ ይጀመር?

ደብረ ብርሃን ላይ መኪናው በዝቷል። የፋብሪካ፣ የባንክ፣ የዩኒቨርሲቲ፣ የግል፤ አሁን ደግሞ ኤሌክትሪኩ ተጨምሯል። ባለመኪናው ላቫጆ ቤት ሄዶ ወረፋ መጠበቅ ይሰለቸዋል። ለቀለሙ የሚሳሳ ሰው ደግሞ ወንዝ ዳር በአሸዋማ ጨርቅ እንዲታሽለት አይፈልግም። «ዕቃዬን ይዤ ደጁ ድረስ ብሄድለትስ?» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሐሳቡ ሸጋ ነው። ግራ የሚያጋባው ምን ተይዞ እንደሚጀመር ነው። አንዱ ጓደኛ «ጄኔሬተር ሳትይዝ እንዳትጀምር» ይላል። ሌላው «ባለ ሦስት እግር ላይ ሮቶ ጫንበት» ይላል። ሦስተኛው ቲክቶክ ላይ ያየውን የእንፋሎት ማሽን ያሳያል። ሁሉም በየቦታቸው ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ሰሜን ሸዋ ግን ደጋም ቆላም ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ያዋጣ ዕቃ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ላያዋጣ ይችላል።

እዚህ አራት አማራጮችን አነጻጽራለሁ። የማሽን ስም አልጠራም። የዕቃ ዋጋም በብር አልጽፍም፤ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ለሚቀጥለው ወር አይሆንም። ርካሽና ውድ የምለው አማራጮቹን እርስ በርስ አስተያይቼ ነው።

## መጀመሪያ መመዘኛው

ውሃ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ይህን ሥራ የሚያቆመውም የሚጥለውም ይሄው ሂሳብ ነው። የውሃ ጎማ ክፍቱን ተለቆ የሚታጠብ የቤት መኪና 150 ሊትርና ከዚያ በላይ ሊጨርስ ይችላል። በግፊት ማሽን ተቆጥቦ ከታጠበ ከ60 እስከ 100 ሊትር ይበቃዋል። በባልዲና በስፖንጅ ከሆነ ከ30 እስከ 50። በማይለቀለቅ ሻምፖ፣ ማለትም ጨርቁ ተነክሮ በተጠረገበት በሚደርቀው ዓይነት፣ ከ10 እስከ 15 ሊትር ይበቃል። እንግዲህ 500 ሊትር ሮቶ የጫነ ሰው አምስት ኩንታል ተሸክሞ በግፊት ማሽን ከአምስት እስከ ስምንት መኪና ያጥባል። ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የያዘ ሰው ደግሞ በማይለቀለቅ ሻምፖ ስምንት፣ አሥር መኪና ያደርሳል። ጭቃ የለበሰ መኪና ካልገጠመው ነው ታዲያ።

ኃይል። ማሽን ሻጮች ይህን ሲናገሩ ብዙም አይሰማም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። በቤንዚን የሚሠራ ተራ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ «3 ኪሎ ዋት» የተጻፈበት ጄኔሬተር እዚህ ከ2 ኪሎ ዋት ብዙም አይርቅም። አነስተኛ የኤሌክትሪክ ግፊት ማሽን ከ1.4 እስከ 2 ኪሎ ዋት ይፈልጋል፤ ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት ከዚያ በላይ ይስባል። ቫኪዩሙን ጎን ለጎን ከሰካችሁት ጄኔሬተሩ ያጓራል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ላይ ስለሆነች ያው ጄኔሬተር እዚያ የተሻለ ይሠራል። አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ በደንብ የሠራላችሁ ማሽንም ደብረ ብርሃን ሲደርስ ትንሽ ይደክማል፤ የከፍታው ልዩነት ግን ያን ያህል አይደለም።

ብርድና ሙቀት። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ብርዷን ማስረዳት አያስፈልጋትም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። የግፊት ማሽኑ ሆድ ውስጥ ውሃ ካደረ ይረጋል፤ በረዶ ሲሆን ቦታ ይፈልጋልና ፓምፑን ይሰነጥቀዋል። ማታ ማታ ውሃውን ማስተፋት፣ ማሽኑንም ቤት ማስገባት ግድ ነው። ወንበር በውሃ ከተዘፈዘፈም በዚያ ብርድ ቶሎ አይደርቅም፤ በሦስተኛው ቀን ይሸታል፣ ደንበኛውም ይደውላል። ሸዋ ሮቢት ላይ ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው። ኮፈኑ ግሎ ሳሙናው ሳይለቀለቅ ይደርቅና ነጠብጣብ ይተዋል። እዚያ ሥራው ጠዋት እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ ነው።

ነዳጅና መንገድ። ቤንዚን ይጠፋል። ሲገኝም በጀሪካን መቅዳት የሚከለከልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ጄኔሬተር ደግሞ ማደያ ድረስ ነድቶ አይሄድም። ባጃጅና ሞተር የሚንቀሳቀስበት ሰዓት የሚገደብባቸው፣ መንገድ የሚዘጋባቸው ቀኖችም አሉ። ዕቃችሁ ባለ ሞተር በሆነ ቁጥር ለእነዚህ ሁሉ የተጋለጠ ነው።

ደንበኛው ማን ነው? ለፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ፕራዶ የሚበጀው ዕቃና ለሚኒባስ ሹፌር የሚበጀው አንድ አይደለም። ሚኒባሱ በየቀኑ ይታጠባል፣ ግን በርካሹ። ፕራዶው በሳምንት አንዴ፣ ግን ውስጡም ቸርኬውም ጎማውም ተወልውሎ። ሲኖትራክ ከሆነ ተዉት። ጭቃው ብቻውን የቀን ውሃችሁን ይጨርሳል፤ እሱ የላቫጆ ሥራ ነው።

## ሀ. ባልዲ፣ መርጫና ቫኪዩም

ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን ለአብዛኛው ጀማሪ የምመርጠው ይሄንን ነው።

ዕቃው ይህ ነው፦ ሁለት ባልዲ፣ ስድስት ጀሪካን፣ በጀርባ የሚታዘል ባለ 16 ሊትር የእርሻ መርጫ፣ የማይለቀለቅ ሻምፖ፣ ደርዘን ሁለት ደርዘን የማይክሮ ፋይበር ጨርቅ፣ ለስላሳ ብሩሾች፣ አንድ ቫኪዩም። መርጫው አዲስ ይሁን። የአረም መድኃኒት የነካውን አጥቤ እጠቀማለሁ ማለት የሰው መኪናና የራስን ሳንባ ማበላሸት ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ብልሃቱ ይገባችኋል። መጀመሪያ በመርጫው ሳሙናማ ውሃ ከታች ወደ ላይ ይነፋና አምስት ደቂቃ ይተዋል። አቧራው ይርሳል፣ ይለቃል። ከዚያ ጨርቁ አራት ቦታ ይታጠፋል። አንዱ ፊት ሲቆሽሽ ይገለበጣል፤ ስምንቱም ፊት ሲያልቅ ወደ ቆሻሻ ከረጢት ይገባል፣ ወደ ባልዲው አይመለስም። ጣሪያ፣ መስታወት፣ ኮፈን፣ በር፤ ከወገብ በታች ያለው መጨረሻ፣ በሌላ ጨርቅ። ቸርኬ የነካ ጨርቅ በር አይነካም። መሬት የወደቀ ጨርቅ ደግሞ ያን ቀን ሥራው አብቅቷል። ፀሐይ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት የሚታይባቸው መኪናዎች አብዛኞቹ እንደዚያ የሆኑት አሸዋና አቧራ በያዘ ጨርቅ ነው፤ ወድቆ የተነሳም ያው ነው።

ትርፉ ግን ያለው ውስጡ ላይ ነው። ላቫጆ ቤት ውጪውን ፏ አድርጎ ውስጡን በአንድ እርጥብ ጨርቅ ይገላግለዋል። እናንተ የወንበር ሐዲድ ሥር ያለውን፣ የአየር ማውጫው ጥርሶች መሀል የተቀመጠውን፣ የበሩ ኪስ ውስጥ የደረቀውን ካወጣችሁ ባለመኪናው ራሱ ሰው ይጠራላችኋል። ለዚህ የሚፈለገው ውሃ ከአንድ ባልዲ አይበልጥም።

ድክመቱም አለ። ክረምት ላይ፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ጭቃው ወፍራም ስለሚሆን በማይለቀለቅ ሻምፖ መጥረግ ቀለም መፋቅ ነው። ያን ጊዜ ወይ ውስጥ ብቻ ትሠራላችሁ፣ ወይ ለጭቃው ከላቫጆ ቤት ጋር ትዋዋላላችሁ። ቫኪዩሙም መብራት ይፈልጋል። ባትሪ ያለው ዓይነት አለ፤ ጉልበቱ ያነሰ ነው፣ በብርድ ጠዋትም ቶሎ ይደክማል።

## ለ. ማሽኑን ብቻ ይዞ ደንበኛ ግቢ መግባት

ውሃውም መብራቱም የደንበኛው ነው። እናንተ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ግፊት ማሽን፣ ጎማ፣ ማራዘሚያ ገመድና ጨርቅ ይዛችሁ በባጃጅ ትሄዳላችሁ። ፋብሪካ፣ ባንክ፣ ሆቴል፣ ኮሌጅ፤ ግቢው ውስጥ አምስት ስድስት መኪና የሚያሳድር ሁሉ ለዚህ ይሆናል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ገብቶ ሁሉንም አጥቦ መውጣት ይቻላል።

ወጪው መካከለኛ ነው። ነዳጅ የለበትም። የገቢው መደበኛነት ከአራቱም ይበልጣል፣ ውል ካለ። የሚያሰጋው ሁለት ነገር ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የደንበኛው ሮቶ ባዶ ይሆንና ደጅ ቆማችሁ ትመለሳላችሁ። ውሃ ኖሮ መብራት ሊጠፋም ይችላል። ስለዚህ ለ ያለ ሀ አይበቃም፤ ባልዲውንና የማይለቀለቀውን ሻምፖ ሁልጊዜ ይዛችሁ ሂዱ።

ገመዱ ላይ አትቆጥቡ። ለ25 ሜትር ማራዘሚያ ውስጡ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ወፍራም ሽቦ ይፈለጋል። ቀጭን ከሆነ ማሽኑ ኃይል ያንሰዋል፣ ገመዱም ይግላል። የተጠቀለለ ማራዘሚያ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ነው የሚሠራበት፤ ተጠቅልሎ ሳለ ከተጫነበት ይቀልጣል። መገናኛውን ውሃ ከሚሄድበት ቦታ ከፍ አድርጉት። ዕቃው ሁሉ እርጥብ በሆነበት ሥራ ላይ ይህ የነፍስ ጉዳይ ነው።

ድርጅት ያለ ደረሰኝ አይከፍልም። ቲን ቁጥርና ንግድ ፈቃድ ሳይኖራችሁ ይህን መንገድ አትሞክሩት። ክፍያውም በወር መጨረሻ ስለሚሆን፣ አንዳንዱም ስለሚያዘገይ፣ ለአንድ ሁለት ወር የሚያቆያችሁ ገንዘብ በእጅ ይኑር።

## ሐ. ባለ ሦስት እግር ከነሮቶው

ብዙ ሰው «ተንቀሳቃሽ እጥበት» ሲባል የሚታየው ይሄ ነው። የጭነት ባለ ሦስት እግር ሞተር፣ 300 ወይም 500 ሊትር ሮቶ፣ በቤንዚን የሚሠራ የግፊት ማሽን። ከማንም ግቢ ውሃ ሳይለምኑ መንገድ ዳር የቆመ መኪና ማጠብ ያስችላል። ለሚኒባስና ለባጃጅ ማኅበራት ይመቻል።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ጭነቱን አስቡት። ባለ 500 ሊትሩ ሮቶ ሲሞላ አምስት ኩንታል ነው፤ ማሽኑ፣ ነዳጁና ሁለት ሰው ሲጨመርበት ከተሽከርካሪው አቅም ሊያልፍ ይችላል። ሊብሬው ላይ የተጻፈውን የመጫን አቅም እዩ። ለዚህ ባለ 300ው ይሻላል እላለሁ። ግማሽ የሆነ ሮቶ ደግሞ ከሙሉው ይከፋል። ኩርባ ላይ ውሃው ወደ አንድ ጎን ይናጣል፣ ባለ ሦስት እግሩንም ይዞት ይወድቃል። ሮቶው ዝቅ ብሎ፣ መሀል ላይ፣ በብረት ታስሮ ይቀመጥ። ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር አድርጎ ውሃ ጭኖ ወደ ደብረ ሲና መውረድን የሚያስብ ካለ፣ አይሞክረው። ውሃ ደብረ ሲናም አለ።

ሌላው ነዳጅ ነው። እዚህ ሁለት ሞተር ታጠጣላችሁ፤ የሚነዳውንና የሚረጨውን። ቤንዚን በጠፋ ሳምንት ሥራው ይቆማል፣ የብድር ክፍያው ግን አይቆምም።

ቆሻሻ ውሃውም አለ። መንገድ ዳር ያጠባችሁት ዘይት፣ ጭቃና ሳሙና አስፋልት ላይ ይፈስሳል። ከተማው ዝም ቢል ጎረቤት ዝም አይልም። የት መቆም እንደሚፈቀድ የከተማውን ንግድ ጽሕፈት ቤትና ማዘጋጃ ቤቱን ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። ወደ በሬሳ ወንዝ የሚወርድ ቦይ አጠገብ አለመቆም ደግሞ ጽሕፈት ቤት እስኪነግራችሁ የሚጠበቅ አይደለም።

## መ. ፒክአፕ ወይም ሚኒቫን ከሙሉ ዕቃ ጋር

ሮቶ፣ ጄኔሬተር፣ ግፊት ማሽን፣ ቫኪዩም፣ የፖሊሽ ማሽን፣ አንዳንዴ እንፋሎት። ዓይን ይስባል። ግን መኪናው ብቻውን ከዕቃው ሁሉ ይበልጥ ይፈጃል፣ ያን የሚመልስ ደንበኛ ለመሰብሰብም ጊዜ ይወስዳል። ቀድሞውኑ መኪና ያለው፣ ወይም በአማራጭ «ለ» ውል ሰብስቦ የሞላለት ሰው ቢያስበው ያምራል። እንደ መነሻ አልመክረውም። እንፋሎቱ ለወንበርና ለጣሪያ ጨርቅ ግሩም ነው፤ ውሃውም ጥቂት ሊትር ብቻ ነው። ኤሌክትሪክ ግን እንደ ምጣድ ይበላል።

## በአንድ እይታ

| መመዘኛ | ሀ. ባልዲና ቫኪዩም | ለ. ደንበኛ ግቢ | ሐ. ባለ ሦስት እግር | መ. ፒክአፕ/ሚኒቫን |
|---|---|---|---|---|
| መነሻ ገንዘብ | በጣም ዝቅተኛ | ዝቅተኛ–መካከለኛ | ከፍተኛ | በጣም ከፍተኛ |
| ውሃ ለአንድ መኪና | 10–15 ሊትር | 60–100 (የደንበኛው) | 60–100 (የራስ) | 60–100 (የራስ) |
| ነዳጅ ሲጠፋ | ይሠራል | ይሠራል | ይቆማል | ይቆማል |
| መብራት ሲጠፋ | ውጪው ይሠራል | ይቆማል | ይሠራል | በጄኔሬተር ይሠራል |
| ውርጭ | ብዙ አይጎዳውም | ፓምፑ ማታ ይራገፍ | ፓምፑና ሮቶው ይራገፉ | ፓምፑና ሮቶው ይራገፉ |
| የክረምት ጭቃ | ይከብደዋል | ይችላል | ይችላል | ይችላል |
| የሚሆነው ደንበኛ | የግል መኪና፣ ውስጥ ጽዳት | ድርጅት | ሚኒባስ፣ ባጃጅ | ሠርግ፣ ፖሊሽ፣ ድርጅት |
| ስንት ሰው | 1 | 1–2 | 2 | 2–3 |

## ለማን የቱ?

እጅ አጠር ከሆናችሁ፣ ብቻችሁንም ከሆናችሁ ሀ። ብድር ሳትገቡ ጀምሩ። ቫኪዩሙን እንኳ ለመግዛት ካልደረሰ በብሩሽና በጨርቅ መጀመር ይቻላል፤ አድካሚ ነው፣ ግን ይቻላል።

ሁለት ሆናችሁ፣ ደብረ ብርሃን ወይም ጫጫ ከሆናችሁና የምታውቁት ድርጅት ካለ ለ፣ ከሀ ጋር። በእኔ ግምት በዚህ ዞን ገንዘቡን ቶሎ የሚመልሰው ይሄ ጥምረት ነው።

ሸዋ ሮቢት ከሆናችሁ ሐ ከደብረ ብርሃን ይልቅ እዚያ ያስኬዳል። ወደ ደሴ የሚያልፈው መኪና ብዙ ነው፣ ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ውርጭ የለም፣ ሞተሩም ጉልበቱን ያን ያህል አያጣም። ያም ሆኖ ነዳጁን አስተማማኝ ሳታደርጉ አይሆንም።

መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማ ወይም አንኮበር አካባቢ ከሆናችሁ የመኪናው ቁጥር ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ሀን ይዛችሁ ከሌላ ሥራ ጋር፣ ለምሳሌ ከጎሚስታ ቤት ጋር፣ አዳብሉት።

የሠርግ ሰሞንን ብቻ ለመሥራት የምታስቡ ካላችሁ፣ ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት ጥሩ ገንዘብ አላቸው። ለዚህ ግን ማሽን ሳይሆን ዋክስ፣ ጥሩ ጨርቅና ማለዳ መነሳት ነው የሚያስፈልገው። አበባው ከመለጠፉ በፊት መድረስ አለባችሁ።

## ዋጋ ስትቆርጡ

አካባቢው ላቫጆ የሚያስከፍለውን ጠይቁና ከዚያ ጀምሩ። ደጅ ድረስ ስለመጣችሁ ትንሽ ጨምሩ እንጂ ከእሱ በታች አትውረዱ። የዕቃውን እርጅናም አስሉት። ለሂሳቡ ያህል፣ ዕቃችሁ 60,000 ብር ፈጅቶ ሁለት ዓመት ይቆያል እንበል። በወር 2,500 ብር ነው። በወር 50 መኪና ካጠባችሁ በእያንዳንዱ መኪና ላይ 50 ብር የዕቃው ነው፣ የእናንተ አይደለም። ሳሙና፣ የባጃጅ፣ ጨርቅ ከዚያ በላይ ይመጣሉ። ብዙ ሰው ይህን 50 ብር እንደ ትርፍ በልቶት ማሽኑ ሲሰበር መግዣ ያጣል።

«ሞተሩንም እጠብልኝ» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። በግፊት ማሽን እሺ አትበሉ። ዲናሞው፣ ፊውዝ ሳጥኑ፣ የሽቦ መገናኛው ውሃ ገብቶበት መኪናው አልነሳ ካለ ተጠያቂው እናንተ ናችሁ። በእርጥብ ጨርቅና በብሩሽ፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ እሱም በተለየ ዋጋ። ኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ኮፈኑ ሥር ጭራሽ አትርጩ፤ ቻርጅ ማድረጊያው ክዳን ላይም ግፊቱን አታነጣጥሩ፣ ቻርጅ ላይ ሳለም አትጠቡት።

የልብስ ዱቄት ሳሙና ርካሽ ነው ብላችሁ አትጠቀሙ። በመኪናው ላይ ያለውን ዋክስ ገፍፎ ቀለሙን ያደርቀዋል። የመኪና ሻምፖ በጋሎን ገዝቶ በልኩ ማቅጠን በመጨረሻ ብዙም አይበልጥም።

ያገለገለ የግፊት ማሽን የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ውሃ አስገጥማችሁ ሩብ ሰዓት ሙሉ አስነሱት። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ሽጉጡን ስትለቁት ማሽኑ ራሱ መቆም አለበት፤ ካልቆመ ወይም ሳትነኩት በየደቂቃው እየተነሳ ከጠፋ የሆነ ቦታ ያፈስሳል። ከሥሩ ዘይት የተቀላቀለበት ነጭ ውሃ ካያችሁ የፓምፑ ሲል፣ ማለትም ዘይቱንና ውሃውን የሚለየው ጎማ፣ አልቋል። ሻጩ «ውሃ የለም እንጂ ይሠራል» ካለ ውሃ ሲመጣ እመለሳለሁ በሉት።